ሰባቱ የነጻ ሙከራ ቀኖች፤ ሥዕልንና ፊደልን የሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌር ለሚጀምሩ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው

በቴሌቪዥን ዜና ሊጀመር ሲል የጣቢያው ስም ከጎን ተንሸራቶ መጥቶ ሲቆም፥ የበዓል መዝሙር ሲቀርብ የግጥሙ ቃላት ድምፁን እየተከተሉ ሲበሩ፥ ወይም ስለ ጤና በሚሰጥ ትምህርት ላይ ቁጥሮችና ቀስቶች ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄዱ ያላየ ቤተሰብ ዛሬ ጥቂት ነው። ይህ ሥራ ሞሽን ግራፊክስ ይባላል፤ ፍችውም የሚንቀሳቀስ ሥዕልና ጽሕፈት ማለት ነው። ሥራው የሚሠራውም በኮምፒዩተር ላይ በሚጫን ሶፍትዌር ነው።

ነፋስ ስልክ የሚለው የክፍለ ከተማችን ስም ያለ ሽቦ መልእክት የሚያደርሰውን የሬዲዮ መሣሪያ አባቶቻችን በራሳቸው ቋንቋ የሰየሙበት ስም ነው። ከባሕር ማዶ የመጣውን ነገር ምን እንደሚሠራ መርምረው፥ ለጆሮ የሚስማማ ስም አውጥተው ተቀበሉት። ዛሬም በጎፋ፥ በመካኒሳ፥ በለቡ፥ በጀሞና በኃይሌ ጋርመንት የሚኖሩ ልጆቻችን ሌላ አዲስ መሣሪያ አይተው ወደ ወላጆቻቸው ይቀርባሉ። «አባባ፥ ይህን ሶፍትዌር ሰባት ቀን በነጻ መሞከር ይቻላል፤ የሚጠይቀው የባንክ ካርድ ብቻ ነው» ይላሉ። አባትም «ነጻ ከሆነ ካርዱ ለምን አስፈለገ?» ብሎ ይጠይቃል። የአባት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የልጁም ፍላጎት የሚነቀፍ አይደለም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሁለቱ እንዲግባቡ ለመርዳት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። የነጻ ሙከራ የሚባለው ቀጠሮ ያለው ውል ነው። ቀጠሮውን የሚያውቅና አስቀድሞ የሚዘጋጅ ወጣት በሰባት ቀን ውስጥ አንድ ትንሽ፥ ነገር ግን የተፈጸመ ሥራ ይዞ ይወጣል። ሳይዘጋጅ የሚገባ ግን ሳምንቱን በመደናገር ይጨርሳል፤ ከዚያም ወይ የቤተሰቡን ገንዘብ ያስቆርጣል፥ ወይም የተሰረቀ ቅጂ ወደ መፈለግ ያዘነብላል።

የጥበቡ አመጣጥ

ሥዕል የሚንቀሳቀስ መስሎ የሚታየው ተከታትለው በፍጥነት የሚያልፉ ሥዕሎችን አእምሮአችን አንድ አድርጎ ስለሚቀበላቸው ነው። በሲኒማ በአንድ ሴኮንድ 24፥ በአገራችን ቴሌቪዥን ልማድ ደግሞ 25 ሥዕሎች ያልፋሉ። ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መንገር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰንሰል የሚባለውን፥ እንደ ሰንሰለት እየተጣጠፈ የሚዘረጋውን ብራና ያየ ሰው፥ ሠዓሊው አንዱን ሥዕል ከሌላው ቀጥሎ በሥርዓት እንዳስቀመጠው ያስታውሳል። ብራናው ሲዘረጋ ዓይን ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። የዛሬው መሣሪያ ዓይኑን በቦታው አቁሞ ሥዕሉን ያስኬደዋል።

ሞሽን ግራፊክስ የሚለውን ስም ካስታወቁት ሰዎች አንዱ ጆን ዊትኒ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ በ1960 እ.ኤ.አ. በዚሁ ስም የሚጠራ ድርጅት አቋቋመ። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፀረ አውሮፕላን መድፍ ማነጣጠሪያ የነበረ የስሌት መኪና ወስዶ ሥዕል ማንቀሳቀሻ አደረገው። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ሰይፍና ስለ ማረሻ የተናገረውን ለሚያስብ ክርስቲያን ይህ ታሪክ ደስ የሚያሰኝ ነው። ዛሬ በሙያው ዘንድ እጅግ የታወቀው አፍተር ኢፌክትስ የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ በ1993 እ.ኤ.አ. በፕሮቪደንስ ከተማ በምትገኝ ኮሳ በተባለች አነስተኛ ኩባንያ ወጣ። እርስዋን አልደስ፥ አልደስንም በ1994 እ.ኤ.አ. አዶቢ ስለ ገዛው እስከ ዛሬ በአዶቢ ስም ይሸጣል።

በአገራችንም የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። ብሩክታዊት ጥጋቡ የምትባል መምህርት ከባለቤትዋ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ሆና «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የሕፃናት ዝግጅት በ2006 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ማቅረብ ጀመረች። ፀሐይ የምትባለው ቀጭኔ መጀመሪያ ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረች። መምህርትዋ በ2010 እ.ኤ.አ. የሮሌክስ ሽልማት ተቀበለች፤ ድርጅትዋም በኋላ «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን ሙሉ በሙሉ በሥዕል የሚንቀሳቀስ ተከታታይ ታሪክ አወጣ። በካልሲ አሻንጉሊት የተጀመረው ሥራ የተከበረው ለሕፃናት የሚነግረው ቁም ነገር ስለ ነበረው ነው። ልጆቻችንም መሣሪያውን ከመክፈታቸው በፊት የሚናገሩትን ነገር ሊያዘጋጁ ይገባል።

ነጻ ሲባል ምን ማለት ነው?

አፍተር ኢፌክትስን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የሙከራው ዘመን 7 ቀን ነው። በእነዚህ ቀኖች የሚሰጠው ሶፍትዌር ሙሉ እንጂ የተቆራረጠ አይደለም። ይሁን እንጂ ለመመዝገብ የኢሜይል አድራሻና የመክፈያ ካርድ ይጠየቃል። ሰባቱ ቀኖች ከማለቃቸው በፊት ተመዝጋቢው ራሱ ካልሰረዘ ሙከራው ወደ ክፍያ ይለወጣል፤ ካርዱም የተጠየቀው ስለዚሁ ነው። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ልጁ ሥራ በጀመረ ጊዜ ሳይሆን ምዝገባው በተፈጸመ ጊዜ መሆኑም አይዘንጋ።

ቀጥሎ የሚታየው የውሉ ዓይነት ነው። «የዓመት ውል፥ ክፍያው በየወሩ» የሚለው ምርጫ ከላይ ሲታይ የወር ክፍያ ይመስላል፤ ነገር ግን ለ12 ወር መታሰር ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. የዚህ ሶፍትዌር ዋጋ በአሜሪካ በወር 23 ዶላር ያህል ነበር። አንድ ሰው አራት ወር ከፍሎ ቢያቆም የቀሩት 8 ወራት ዋጋ 184 ዶላር ይሆናል፤ በውሉ መሠረት የዚህን ግማሽ፥ ማለትም 92 ዶላር፥ የማቋረጫ ቅጣት ሊጠየቅ ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት ይህን ቅጣት ለገዢዎች በግልጽ አላሳየም፥ መሰረዝንም አስቸጋሪ አድርጓል ሲል በሰኔ ወር 2024 እ.ኤ.አ. በአዶቢ ላይ ክስ መሥርቶ ነበር። በባለጠጋ አገር የሚኖሩ ገዢዎች ያልተገነዘቡት ነገር ከሆነ፥ እኛ ውሉን ሁለት ጊዜ ብናነብ አይበዛብንም።

በአገራችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። በብር ሒሳብ የሚሠራው ተራ የባንክ ካርድ በአብዛኛው ለውጭ አገር ክፍያ አያገለግልም። ስለዚህ ልጁ በዋሽንግተን ወይም በሌላ አገር የምትኖር አክስቱን «የካርድሽን ቁጥር ላኪልኝ፤ ገንዘብ አይቆረጥም» ብሎ ይለምናል። አክስትም ለወንድምዋ ልጅ ፍቅር ስትል ትልክለታለች። ልጁ መሰረዙን ቢረሳ ዕዳው በእርስዋ ላይ ይወድቃል፤ ከገንዘቡም ይልቅ የቤተሰብ መተማመን ይጎዳል። እንዲህ ያለውን ልመና ልጁ ብቻውን አያቅርብ። አባት ወይም እናት አብረው ይነጋገሩ፤ የሚያልቅበት ቀንና ሰዓት ለአክስትም ይነገራት፤ እርስዋም በበኩልዋ ማስታወሻ ትያዝ። የካርዱም ቁጥር በስልክ መልእክት ከሚተላለፍ ይልቅ ባለቤትዋ ራስዋ በመክፈያው ገጽ ላይ ብትሞላው ይሻላል።

ሰዓቱ ሳይጀምር

ብልህ ገበሬ ዝናብ ሳይመጣ ማረሻውን ያዘጋጃል። ከምዝገባው በፊት ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት የሚከተሉት ነገሮች ይፈጸሙ።

አንደኛ፥ ኮምፒዩተሩ ይመርመር። አፍተር ኢፌክትስ ቢያንስ 16 ጊጋ ባይት ራም ይፈልጋል፤ 32 ቢሆን ይመረጣል። በብዙ ቤት ያለው ኮምፒዩተር 4 ወይም 8 ጊጋ ባይት ብቻ ነው። እንዲህ ባለው ላይ መመዝገብ ሰባቱን ቀን በመጠበቅ ማሳለፍ ነውና፥ ወደ ኋላ ከምናነሣቸው ቀለል ያሉ መሣሪያዎች መጀመር ይሻላል።

ሁለተኛ፥ ኢንተርኔትና መብራት ይታሰብ። የሚወርደው ፋይል ብዙ ጊጋ ባይት ነው። ጭነቱ በተጀመረበት ሌሊት መብራት ቢጠፋ ከሰባቱ አንዱ ቀን ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ መስመር የሚገኝበት ቦታና ቀን አስቀድሞ ይመረጥ። የፈተና ሳምንት፥ የሰሙነ ሕማማት ሳምንት፥ ወይም በቤት ውስጥ ድግስ ያለበት ሳምንት ለዚህ አይመረጥም።

ሦስተኛ፥ ፊደሉ ይዘጋጅ። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ቁጥሮች ላይ ያስቀመጡ ስለ ነበሩ፥ በእነርሱ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አዲስ ሶፍትዌር ሲገባ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባሉት ፎንቶች ዩኒኮድን የሚከተሉ ናቸው፤ የሚገኙትም በነጻና በሕጋዊ ፈቃድ ነው። አስቀድመው ይጫኑ። ጽሑፉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ቢታይ ስሕተቱ የፎንቱ ነው፤ ፎንቱን መለወጥ ይበቃል።

አራተኛውና ዋናው፥ ሥራው በወረቀት ላይ ይለቅ። ርእሱ አንድ፥ ርዝመቱም ከ20 ሴኮንድ የማይበልጥ ይሁን። ሃያ ሴኮንድ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በሴኮንድ 25 ሥዕል ሲታሰብ 500 ሥዕል ነው።

ለመለማመጃ የሚሆን ርእስ

ቅዱስ ድሜጥሮስ ዘእስክንድርያ እንደ ደረሰው የሚነገርለት ባሕረ ሐሳብ ለዚህ ጥበብ እጅግ የተመቸ ነው። ቁጥሮች ይከፋፈላሉ፥ ይደመራሉ፥ ይገደፋሉ፤ በመጨረሻም አንድ የበዓል ቀን ይወጣል። ብዙ ሰንበት ተማሪዎች ስሙን እንጂ አካሄዱን አያውቁም። የሚንቀሳቀስ ሥዕል ግን በቃል ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት የሚፈጀውን ለዓይን በአጭሩ ሊያሳይ ይችላል። የ2018 ዓ.ም. ስሌት እነሆ።

5500 ዓመተ ኵነኔ በ2018 ላይ ሲደመር 7518 ይሆናል። ይህ በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከ13 አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፥ በ30 ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፥ በ30 ሲገደፍ 18 ይቀራል፤ ይህም መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሆናቸው ስሌቱ ትክክል ለመሆኑ ምስክር ነው። መጥቅዕ ከ14 ስለ በለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው። 18 እና 7 ሲደመሩ መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ሰኞ ገባ ማለት ነው። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነውና 25 እና 9 ሲደመሩ 34፥ በ30 ሲገደፍ 4 ይቀራል፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 4 ቀን ነው።

ይህን ሁሉ በ20 ሴኮንድ ማስተማር አይቻልም። ስለዚህ ልጁ አንድ ነገር ብቻ ይምረጥ፤ ይኸውም ሠላሳው እንዴት ለአበቅቴና ለመጥቅዕ እንደሚከፈል፥ መጥቅዕም ወደ ትንሣኤ እንዴት እንደሚያደርስ ነው። አንድ ወረቀት ወስዶ በአምስት ሣጥን ይክፈለው። በመጀመሪያው ሣጥን የዓመቱ ቁጥር፥ በሁለተኛው የአበቅቴ 12 ነጠብጣቦች፥ በሦስተኛው የመጥቅዕ 18 ነጠብጣቦች ክቡን ሲሞሉ፥ በአራተኛው 18 ከ7 ጋር ተደምሮ 25 ሲሆን፥ በአምስተኛው ሚያዝያ 4 የሚለው ጽሑፍ ይሣል። በየሣጥኑ ግርጌ ስንት ሴኮንድ እንደሚቆይ ይጻፍ፤ 3፥ 4፥ 4፥ 4 እና 5 ቢሆን ድምሩ 20 ነው። ቁጥሮቹ በግእዝ፥ ማለትም ፲፪፥ ፲፰፥ ፳፭ እና ፬ ተብለው ቢታዩ ለሥዕሉ ውበት ይሰጡታል፤ ነገር ግን ከላይና ከታች ያለው መስመር እንዳይጠፋ በትልቁ ይጻፉ።

ሰባቱ ቀኖች

የመጀመሪያው ቀን፥ መተዋወቅ። ሶፍትዌሩ ሲከፈት የሚታየው የአዝራር ብዛት አያስደንግጥ፤ በዚህ ሳምንት የሚያስፈልጉት ከአሥር አይበልጡም። አዲስ ኮምፖዚሽን ይከፈት፤ ይህ ሠዓሊው እንደሚወጥረው ሸራ ነው። ስፋቱ 1920፥ ቁመቱ 1080፥ የሴኮንዱ ሥዕል 25፥ ርዝመቱ 20 ሴኮንድ ይሁን። ከግርጌ ታይምላይን የሚባለው የጊዜ መስመር አለ። በሸራው ላይ የሚቀመጥ እያንዳንዱ ነገር ሌየር ይባላል፤ እንደ መስታወት ገጾች አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል፥ ከላይ ያለውም የታችኛውን ይሸፍናል። በዚህ ቀን የዓመቱን ቁጥር ጽፎ፥ ሥራውን በስሙ አስቀምጦ መዝጋት ይበቃል።

ሁለተኛው ቀን፥ ኪፍሬም። የጥበቡ ሁሉ መሠረት ይህ ነው። በእጅ ቢሣል 500ውን ሥዕል መሣል ግዴታ ነበር። በኮምፒዩተር ግን ሠራተኛው መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ይወስናል። ቁጥሩ በመጀመሪያው ቅጽበት ከሸራው ውጭ በግራ ይቆም፤ በሁለተኛው ሴኮንድ መካከል ላይ ይቁም። በሁለቱም ቦታዎች ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ምልክቱ ኪፍሬም ይባላል። በመካከል ያሉትን 49 ሥዕሎች መሣሪያው ራሱ ይሞላቸዋል። ሌየሩን መርጦ «ፒ» የሚለውን ፊደል መንካት ቦታን፥ «ኤስ» መጠንን፥ «አር» መዞርን፥ «ቲ» ድምቀትን ያወጣል። ከስሙ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሰዓት መጫን የመጀመሪያውን ኪፍሬም ያስቀምጣል።

ሦስተኛው ቀን፥ የእንቅስቃሴ ለዛ። ትናንት የተሠራው ቁጥር ሲሄድ ድርቅ ያለ ይመስላል፤ በአንድ ፍጥነት መጥቶ በድንገት ይቆማልና። ማኅሌት ላይ ዝማሜ ሲዘመም ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። መቋሚያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ቀስ ብሎ ይነሣል፥ በመካከል ይፈጥናል፥ ሊደርስ ሲል ደግሞ ይለዝባል። ሁለቱን ኪፍሬሞች መርጦ «ኤፍ 9» የሚለውን መንካት ለቁጥሩ ይህንኑ ለዛ ይሰጠዋል። ልጁ ይህን ቀን ፈጥኖ አይለፈው፤ ጀማሪ ከሠለጠነ የሚለየው በዚህ ነው።

አራተኛው ቀን፥ ሠላሳው ነጠብጣብ። ሠላሳ ክብ በእጅ መደርደር አያስፈልግም። በሼፕ ሌየር ላይ አንድ ትንሽ ክብ ተሥሎ፥ የክቡ ቦታ ከመካከል ወደ ላይ ይራቅ። ከዚያ ሪፒተር የሚባለው ትእዛዝ ይጨመርበት። የሪፒተሩ የጎን እርምጃ ዜሮ፥ መዞሩ 12 ዲግሪ ይደረግ፤ 360 ለ30 ሲካፈል 12 ነውና። «ኮፒስ» በሚለው ቁጥር ላይ ኪፍሬም ሲደረግና ከ0 ወደ 12 ሲያድግ የአበቅቴ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይወጣሉ። ሌየሩ ተባዝቶ፥ ቀለሙ ተለውጦ፥ በ144 ዲግሪ ሲዞርና ከ0 ወደ 18 ሲያድግ ደግሞ የመጥቅዕ ነጠብጣቦች የቀረውን ክብ ይሞላሉ። በዚህ ጊዜ አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ 30 የሚሆኑበት ነገር ያለ አንድ ቃል ለዓይን ይገለጣል።

አምስተኛው ቀን፥ ድምፅ። ልጁ በወረቀቱ ላይ ያለውን አምስት አጭር ዐረፍተ ነገር በራሱ ድምፅ በስልክ ይቅዳና ያስገባው። እንቅስቃሴው ድምፁን ይከተል እንጂ ድምፁ እንቅስቃሴውን ለማሳደድ አይሩጥ። የሌላ ሰው መዝሙር ያለ ፈቃድ አይወሰድ። ማታ ሥራው ለቤተሰብ ይታይ። እንዲመለከቱ ከሚደረጉት መካከል ባሕረ ሐሳብን ጨርሶ የማያውቅ አንድ ሰው ይኑር፤ እርሱ ያልገባው ቦታ የሚስተካከል ቦታ ነው።

ስድስተኛው ቀን፥ መፈጸምና መሰረዝ። የታየው ጉድለት ከታረመ በኋላ ሥራው ሬንደር ይደረግ፤ ሬንደር ማለት ሁሉንም ሥዕል አንድ ቪዲዮ አድርጎ ማውጣት ነው። «ኤች 264» የሚባለው ዓይነት በስልክም በቴሌቪዥንም ይታያል። የሥራው ዋና ፋይል የሚከፈተው በዚያው ሶፍትዌር ብቻ ስለሆነ፥ ከቪዲዮው ሌላ ሥዕሎቹ፥ ድምፁና ወረቀቱ በፍላሽ ይቀመጡ። ቪዲዮው በሌላ ስልክ ላይ ተከፍቶ መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ ወላጅ በተገኘበት ውሉ ይሰረዝ፤ የመሰረዣውም ማረጋገጫ ኢሜይል ይጠበቅ። ካልመጣ ተሰርዟል ብሎ መተኛት አይገባም።

ሰባተኛው ቀን ባዶ ይተው። መብራት ቢጠፋ፥ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ወይም ልጁ ቢታመም ይህች ቀን መጠባበቂያ ትሆናለች። ያለ ችግር ከደረሰች ደግሞ የዕረፍት ቀን ናት።

ከሰባተኛው ቀን በኋላ

ፈታኙ ሰዓት ይህ ነው። ልጁ ጣዕሙን አውቋል፤ መክፈል ግን አይችልም። ሦስት መንገዶች ይታዩታል።

አንደኛው፥ ሌላ ኢሜይል ከፍቶ እንደ አዲስ ሰው መመዝገብ ነው። ሙከራው ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ የተሰጠ ስለሆነ፥ ይህ ስምን ለውጦ ሁለተኛ ድርሻ እንደ መቀበል ይቆጠራል። ሁለተኛው፥ «ክራክ» የሚባለውን የተሰበረ ቅጂ ከጓደኛ ወይም ከሱቅ በጥቂት ብር ማስጫን ነው። ይህ የተለመደ ስለሆነ ብዙ ሰው እንደ ጥፋት አይቆጥረውም። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል አስገብቶታል። ከሕጉም ሌላ፥ እንዲህ ያለው ቅጂ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይገባል፤ የአባትን የባንክ የይለፍ ቃል በያዘው በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ማለት ነው። ደግሞም ነገ የራሱን ሥዕል ሰው ሰርቆ ቢጠቀምበት የሚያዝን ወጣት፥ የሌላውን ድካም ዛሬ እንዴት በነጻ ይወስዳል?

ሦስተኛው መንገድ ክፍትና ንጹሕ ነው። ባለቤቶቻቸው ወደው በነጻ የሰጡአቸው፥ ቀነ ገደብ የሌላቸው መሣሪያዎች አሉ። ብሌንደር የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ቶን ሮዘንዳል የተባለ የኔዘርላንድ ሰው ሶፍትዌሩን ከባለ ገንዘቦች እጅ ለማውጣት ሕዝቡን እርዳታ ጠየቀ፤ በሰባት ሳምንት 100,000 ዩሮ ተዋጣ፥ ከዚያም ወዲህ ለማንም ነጻ ሆነ። በ2025 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኦስካርን የአኒሜሽን ሽልማት የወሰደው «ፍሎው» የተባለው የላትቪያ ፊልም የተሠራው በዚሁ በብሌንደር ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው ሌላው ሶፍትዌር ደግሞ ለቪዲዮ ማቀናበሪያ የሚሆን ነው፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊውዥን የተባለውን የሞሽን ግራፊክስ ክፍል በውስጡ ይዟል፥ ነጻ የሆነው ቅጂም የጊዜ ገደብ የለውም። ሲንፊግ የሚባለው ደግሞ ለጠፍጣፋ ሥዕል ብቻ የተሠራ ነጻ መሣሪያ ነው።

በሰባቱ ቀኖች የተማረው ነገር በእነዚህ ዘንድ አይጠፋም። ኪፍሬም በሁሉም ዘንድ ኪፍሬም ነው፤ የዝማሜውም ለዛ በሁሉም አለ። የአዝራሩ ቦታ ይለወጣል እንጂ የእጅና የዓይን ትምህርት ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። እንግዲህ በኪራይ የሚገኘውን ሶፍትዌር አንድ ቀን ከሥራው በሚያገኘው ገንዘብ ይክፈለው፤ እስከዚያ ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው በነጻው መሣሪያ በየሳምንቱ አንድ አጭር ሥራ ይፈጽም። ሥራ ሰጪ የሚጠይቀው የተፈጸመ ሥራ ነው፤ ስድስት አጫጭር ቪዲዮዎች ያሉት ወጣት የሚያሳየው አያጣም።

ለወላጆች

እናንተ አባቶችና እናቶች ሶፍትዌሩን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ነገር ግን ልጃችሁ ለሙከራ ፈቃድ ሲጠይቃችሁ አራት ነገር ጠይቁት። የምትሠራውን በወረቀት አሳየኝ፤ ኮምፒዩተሩ እንደሚበቃ አሳየኝ፤ የመሰረዣው ቀን የትኛው ነው፤ ከዚያ በኋላስ በምን ትሠራለህ? አራቱን ከመለሰ ፍቀዱለት፤ ካልመለሰ «ሳምንት ቆይተህ ተዘጋጅተህ ና» በሉት እንጂ አትቈጡት፤ ሙከራው የትም አይሄድም። የሰረዘበትን ቀን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ አብራችሁ ምልክት አድርጉ። በአምስተኛው ቀን ማታ ደግሞ ሥራውን ሲያሳያችሁ ቴሌቪዥኑን ዝጉና እስከ ፍጻሜው ተመልከቱለት፤ ሃያ ሴኮንድ ብቻ ነው።